ተቀባይ የሌለው ዘፈን

በአገራችን ልማድ ዘፈን ሁለት ወገን አለው። አንደኛው አውራጅ ነው፤ ሁለተኛው ተቀባይ ነው። አውራጁ ግጥሙን ያነሣል፤ ተቀባዮቹ በእጃቸው እያጨበጨቡ፣ በድምፃቸው እየመለሱ ያደምቁለታል። በሠርግ ቤት ይሁን በቡሄ፣ በደቦ ሥራ ይሁን በእንቁጣጣሽ ማለዳ ነገሩ አንድ ነው። አውራጁ የቱንም ያህል ድምፀ መልካም ቢሆን የሚቀበለው ካጣ ብዙ ሳይቆይ ዝም ይላል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንወያይበት ጉዳይ ይህ የመቀበል ልማድ በእጅ ስልክ ዘመን ምን ላይ ደረሰ የሚለው ነው። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ የሚባሉት ማኅበራዊ የመገናኛ ዘዴዎች ዘፈን የምንሰማበትን መንገድ ከሥሩ ለውጠውታል። ለውጡ ለእናቶችና ለሠራተኞች ያመጣው ጥቅም አለ፤ ያስከተለውም ጉድለት አለ። ሁለቱን ለይቶ ማየት ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ይበጃል። ለምሳሌ እንዲሆነን በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የምትገኘውን አርባ ምንጭን፣ ከበላይዋም ያሉትን የጋሞ ደጋዎች መርጠናል። የመረጥንበትን ምክንያት ወደ በኋላ እንገልጻለን።

በአርባ ምንጭ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በባጃጅ የሚወርድ ሰው መንገዱን ሙሉ ዘፈን ይሰማል። ባለ ባጃጁ ከስልኩ ያገኘውን ነው የሚያሰማው። ከኋላ የተቀመጠችው ተማሪ ደግሞ የራሷን የጆሮ ማዳመጫ ሰክታ ሌላ ዘፈን ትሰማለች። ቤት ሲገባም ያው ነው። እናት ወጥ ስትሠራ አንድ ዘፈን፣ አባት ሶፋው ላይ ሌላ፣ ልጆቹ በየመኝታቸው የየራሳቸውን ይሰማሉ። አንድ ጣሪያ ሥር አራት ሰው አራት ዘፈን ይሰማል፤ አንዱ የሌላውን አይሰማም። ይህን ከአርባ ምንጭ ውጭ የምትኖሩ አንባቢዎችም በየቤታችሁ እንደምታዩት አያጠራጥርም።

ከሸክላ እስከ ስልክ

እዚህ የደረስነው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ በነበረበት ጊዜ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የዓለማየሁ እሸቴና የሌሎችም ዘመናዊ ዘፋኞች ሥራ በዚህ መንገድ ለሕዝብ ደረሰ። ይሁን እንጂ የሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። የትንሿ ሸክላ አንድ ገጽም የሚይዘው የጥቂት ደቂቃ ዘፈን ስለነበረ ዘፋኙ ዘፈኑን በዚያው ልክ ማሳጠር ነበረበት። እንግዲህ መሣሪያ የዘፈንን ርዝመት ሲወስን ቲክቶክ የመጀመሪያው አይደለም ማለት ነው።

በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሸክላ ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ ስለሚሰማ መብራት ያልገባበት ገጠር ድረስ ዘለቀ። በየከተማው ሙዚቃ ቤት ተከፈተ፤ በር ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያም መንገደኛውን ሁሉ አንድ ዘፈን አሰማው። ከካሴት በኋላ ሲዲ መጣ። ከዚያም ዘፈን በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ የሚሞሉ ሱቆች በዙ። ዛሬ ደግሞ ካርድ ማስሞላት እንኳ ሳያስፈልግ ዘፈኑ በኢንተርኔት ይመጣል።

ዩቲዩብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ቲክቶክ ከቻይና ውጭ መሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ መጀመሪያ ይፈቅድ የነበረው 15 ሰኮንድ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 እስከ 10 ደቂቃ ፈቅዷል። ዳሩ ግን ልማዱ ቀድሞ ተተክሏል። ሰው ዘፈኑ እስኪጀምር አይጠብቅም፤ መካከሉን ሰምቶ በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ለእናቶች የመጣ ጥቅም

አንዳንድ ሰዎች የቴፑን ዘመን ሲያነሡ ሁሉ ነገር የደመቀ፣ ሁሉ ሰው እኩል የተደሰተ ያስመስሉታል። እውነቱን ለመናገር ግን በብዙ ቤት ቴፑ የአባት ነበር። ካሴቱን የሚገዛው፣ የሚመርጠውና የሚያቆመው እርሱ ነው። እናት ከጓዳ ሆና በግድግዳ በኩል የሚደርሳትን ትሰማ ነበር። ደስ የሚላትን ዘፈን ድገሙልኝ ለማለት እንኳ እጇን ከሊጥ ማውጣት ነበረባት። ዛሬ የራሷን ስልክ ከምድጃው ራቅ አድርጋ አስቀምጣ የወደደችውን ታሰማለች። ሌሊት የምታድር ነርስ፣ በሱቅ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጥ ሻጭ፣ ከዋርካው ሥር ቡና የምታፈላ እናት፣ ሁሉም የየራሷን መርጣ መስማት ችላለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጥቅም ለተራራቀ ቤተሰብ ነው። የጋሞ ሸማኔዎች ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ ወጥተው አዲስ አበባ፣ በተለይም ሽሮ ሜዳ ከሰፈሩ ብዙ ዘመናቸው ነው። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀደም ባለው ጊዜ ሸማኔው የአገሩን ዘፈን የሚያገኘው ለመስቀል ሲመለስ ብቻ ነበር። አሁን መወርወሪያውን እየወረወረ የቀዬውን ዘፈን ከስልኩ ይሰማል። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅም እንዲሁ። እናቷ በቴሌግራም የላከችላት የአንድ ደቂቃ ዘፈን ምን ያህል እንደሚያጽናናት ልጅ በስደት ያላት እናት ታውቀዋለች።

ሦስተኛው ጥቅም ለተረሳ ዘፈን ነው። ኃይሉ መርጊያ የተባለው የዋሊያስ ባንድ ሙዚቀኛ በ1977 ዓ.ም. በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የተጫወተውን ካሴት አውጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ዝናው በኢንተርኔት ተሰራጨ፤ ኃይሉም ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ መድረክ ተመልሶ በልዩ ልዩ አገሮች ለመጫወት በቃ። እንዲሁም በጋሞኛ የሚዘፍን ወጣት ድሮ ካሴቱን የሚያሳትምለት ነጋዴ ማግኘት ይቸግረው ነበር፤ ነጋዴው ገዢው ጥቂት ነው ብሎ ይፈራልና። ዛሬ ያው ወጣት በራሱ ስልክ ቀርጾ ያሰማል። ስለዚህ ስልኩን በጅምላ መኰነን ተገቢ አይሆንም።

ስለምን ጋሞ?

አሁን ወደ ምክንያታችን እንመለስ። የጋሞ ደጋ ሕዝብ፣ በተለይም ዶርዜዎች፣ ሙዚቃ በሚያጠኑ ምሁራን ዘንድ በዓለም የታወቁበት አንድ ነገር አለ። ይኸውም በብዙ ድምፅ የሚዘፈነው ዘፈናቸው ነው። በርናር ሎርታ ዣኮብ የተባለው ፈረንሳዊ የሙዚቃ አጥኚ የዶርዜን ዘፈን በቦታው ቀድቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ፓሪስ ውስጥ በሸክላ እንዲታተም አድርጓል።

የዚህ ዘፈን አሠራር ከብዙው የአገራችን ዘፈን ይለያል። በብዙው ዘፈን አውራጁ አንድ ነው፤ ተቀባዮቹም ሁሉም አንድ ዓይነት ይመልሳሉ። በዶርዜ ዘፈን ግን ተቀባዮቹ ራሳቸው ይከፋፈላሉ። አንዱ ወገን አንድ ነገር ይዞ ይቆያል፤ ሌላው በመካከል አጭር ድምፅ እየጣለ ይገባል፤ ሌላው ደግሞ ከፍ ባለ ድምፅ ይሸፍነዋል። እያንዳንዱ የሚለው ለብቻው ሲሰማ ጎዶሎ ነው፤ ሁሉም ሲገጣጠም ግን ዘፈን ይሆናል። ሸማኔ አባቶች በድርና በማግ የሚሠሩትን በድምፅ የሠሩት ይመስላል። እንዲህ ያለ ዘፈን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው አይበቃውም፤ የየድርሻውን የሚይዝ ሰው ያስፈልገዋል። ልጅም የሚማረው ከጎኑ ባለው ሰው ድምፅ እየተመራ፣ ተሳስቶ እየታረመ ነው።

እንግዲህ የስልኩ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ስልክ ዘፈንን ለአንድ ሰው ጆሮ ያደርሳል። ለአንድ ሰው የሚደርስ ዘፈን ደግሞ ሰሚ እንጂ ተቀባይ አያፈራም።

በሲቀላ የምትኖር አንዲት የሦስት ልጆች እናት ያጫወተችንን እንጥቀስ። ለመስቀል፣ በጋሞዎች ዘንድ «ዮ ማስቃላ» ለሚባለው የዘመን መለወጫ በዓል፣ ልጆቿን ይዛ ወደ ደጋው ወደ አባቷ ቤት ትወጣለች። ሥጋው ተበልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌው ዘፈን ያነሣሉ። ከከተማ የመጡት የልጅ ልጆች በደስታ ተነሡ። ነገር ግን የተነሡት ለመቀበል ሳይሆን ለመቅረጽ ነው፤ ስድስት ስልክ ባንድ ጊዜ ወደ አያታቸው ዞረ። ሽማግሌው ግራ ቀኙን አይተው፣ ሁሉም የሚቀርጽ ከሆነ የሚቀበለው ማን ነው ብለው ዘፈኑን አቋረጡት። ልጆቹ ክፋት አላሰቡም። ዘፈኑን ወደውታል፣ በአያታቸውም ኮርተዋል። ዘፈን የሚወደደው በመቅረጽ እንደሆነ ከስልካቸው ተምረዋል፤ ሌላ መንገድ ያሳያቸው ሰው አልነበረም። እናቲቱ እንደነገረችን እርሷ ራሷ የሴቶቹን ድርሻ ከእናቷ ሰምታ ታውቀው ነበር። ከተማ ከገባች ወዲህ ግን ለልጆቿ አንድም ቀን አሰምታቸው አታውቅም።

እነዚያው ልጆች የጋሞን ጭፈራ አያውቁም ማለት አይደለም። ትከሻና ወገባቸውን እንዴት እንደሚያደርጉ ያውቁታል። የሚያውቁት ግን በቲክቶክ የሚዞረውን ቁራጭ ነው። ከቁራጩ በፊት ምን እንደሚባል፣ ከእርሱም በኋላ ማን ምን እንደሚመልስ አያውቁም።

ስልኩ እንዴት ይመርጣል?

ብዙ እናቶች ልጄ ይህን ዘፈን ከየት አመጣው ብለው ይጠይቃሉ። ምናልባት ልጁ አልፈለገውም፤ ዘፈኑ ራሱ ነው የመጣለት። እነዚህ የመገናኛ ዘዴዎች በውስጣቸው የሚሠራ ቀመር አላቸው። ቀመሩ ሰውየው የትኛው ላይ እንደቆየ፣ የትኛውን እንደደገመ፣ የትኛውን ወዲያው እንዳለፈ ይመዘግባል። ከዚያ የቆየበትን የሚመስለውን ደጋግሞ ያቀርብለታል። ቀመሩ ይህ ዘፈን ለልጁ ይጠቅመዋል ወይ፣ የአያቱ ነው ወይ፣ ግጥሙ ለዕድሜው ይስማማል ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚፈልገው ሰውየው እንዳይሄድ ነው፤ ሰው በቆየ ቁጥር ማስታወቂያ ይታያልና።

ይህም ማለት ልጁ ለሦስት ቀን አንድ ዓይነት ዘፈን ላይ ከቆየ በአራተኛው ቀን ሌላ ዓይነት ዘፈን ያለ አይመስለውም ማለት ነው። በተቃራኒውም እናት አብራ ተቀምጣ የጋሞን፣ የወላይታን፣ የጎንደርን፣ የሐረርን ዘፈን ፈልጋ እስከ መጨረሻው ብታሰማው ቀመሩ ያንኑ ማምጣት ይጀምራል። መሣሪያው የሚያየውን ይከተላል፤ ስለዚህ የሚያየውን ማስተካከል የቤተሰቡ ፋንታ ነው።

በስልክ ብቻ ያለ ዘፈን የራሱ ሥጋትም አለው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው እንደነበር እናስታውሳለን። በእነዚያ ወራት ዘፈናቸውን ሁሉ በኢንተርኔት ብቻ ያኖሩ ሰዎች እንደልብ ማግኘት ተስኗቸው ነበር። ልጅ በቃሉ የያዘው ዘፈን ግን ኔትወርክም ሆነ የዳታ ሒሳብ አይጠይቅም።

ምን ይደረግ?

ልጆችን ስልክ አምጡ ብሎ መቆጣት ብዙ እንደማይጠቅም ሁላችንም አይተነዋል። ከዚያ ይልቅ በቤት ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን እናመለክታለን።

አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ እሑድ ቡና ሲፈላ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሁሉ ይቀመጥና አንድ ስልክ ብቻ ይከፈት። በየተራ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ዘፈን ይምረጥ፤ ሌላው ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ይስማ። ልጁ የመረጠውን እናትና አባት ሳያፌዙ ይስሙለት፤ ምን እንደወደደበትም ይጠይቁት። እርሱም የእነርሱን መስማት አይከብደውም።

ሁለተኛ፣ አያት ያለው ቤት ጊዜ ሳያልፍ ዘፈኑን ይቀበል። ስልኩ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ አቀራረጹን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ብዙ ድምፅ ያለውን ዘፈን ከአንድ ጥግ ቢቀርጹት በቅርብ ያለው ሰው ድምፅ ሌላውን ይውጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስልኩን በመካከል አስቀምጦ ሙሉውን መቅረጽ፣ ቀጥሎ የእያንዳንዱን ወገን ድርሻ ለየብቻ ማስዘፈንና መቅረጽ ይሻላል። ልጁ የራሱን ድርሻ ከስልኩ እየሰማ ያጠናዋል፤ ሲገናኙም ከሌላው ጋር ይገጥመዋል። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነና መቼ እንደሚዘፈንም እዚያው ማስነገር ይገባል፤ የሠርግ ዘፈን ከለቅሶ ዜማ ጋር እንዳይምታታ። የተቀረጸውን በአደባባይ ከመልቀቅ በፊት ግን የባለ ድምፁን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። በለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሳይጠየቅ ፊቱና ድምፁ በየመንደሩ ቢዞር ደስ አይለውም።

ሦስተኛ፣ ጨቅላ ሕፃን ያላችሁ እናቶች እሹሩሩውን ለስልክ አትስጡት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ምንም ዓይነት ስክሪን እንዳያይ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ድምፄ አያምርም የምትል እናት አትፍራ። ሕፃኑ የሚፈልገው የዘፋኝ ድምፅ ሳይሆን የእናቱን ነው፤ የመቀበልንም ትምህርት የሚጀምረው እርሷ ስትለው እርሱ እም እያለ ሲመልስ ነው።

አራተኛ፣ የጆሮ ጤና ይታሰብበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ወጣቶች ድምፅ አብዝተው በመስማት ጆሯቸውን ለጉዳት ያጋልጣሉ። በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ለአዋቂ ሰው አደጋ የለውም ሲባል፣ ወደ 90 ዴሲቤል ከፍ ሲል ግን የሚፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ነው። ይህን በቤት ለመለካት ባይቻል እንኳ የስልኩን ድምፅ ከመቶ ስድሳ እጅ በላይ አለማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። ሥራ ላይ ያላችሁም በጫጫታ መካከል ድምፅ ከፍ ማድረጉን ተጠንቀቁ። ጆሮ አንዴ ከተጎዳ መልሶ አይድንም።

ይህ ሁሉ የእናት ሥራ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ቀኑን በቢሮ፣ በገበያ ወይም በፋብሪካ ስትደክም ለዋለች ሴት ተጨማሪ ሸክም ለመጫን አልተነሣንም። ድሮ ቴፑን ይዞ የነበረው አባት ዛሬ እሑዱን ሊመራ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ አያት ቤት ሊወጣ፣ የወንዶቹን ድርሻ ሊያስተምር ይችላል። እንዲያውም በጋሞ ዘፈን አንድ ድምፅ ብቻውን እንደማይበቃ አባቶች በደንብ ያውቃሉ።

መስቀል በየዓመቱ ይመጣል። ከሽሮ ሜዳም፣ ከሲቀላም፣ ከሴቻም ወደ ደጋው የሚወጣ ቤተሰብ ከአሁኑ ቢዘጋጅ ጊዜ አለው። ልጆቹ ከአንድ ዘፈን አንድ ድርሻ ብቻ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይያዙ። አያታቸው ሲያነሡ አንደኛው ልጅ ስልኩን ይዞ ይቅረጽ፤ የቀሩት ይቀበሉ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ተራ ይለዋወጡ።